ባቡር ከሌለበት ከተማ ተነስቶ ሐዲድ ላይ ሥራ መጀመር፦ ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ ላለበት ተመራቂ

ጣና_ዳር_07 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ያለሁት ባህር ዳር ነው። ዘንድሮ ከሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ኦቲዝም እንዳለብኝ በሐኪም ተረጋግጧል፣ ኤዲኤችዲም (የትኩረት ማነስና ያለመረጋጋት ችግር) አብሮ አለ። መሥራት የምፈልገው ባቡር ላይ ነው። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ የትኛው ዘርፍ ይሻለኛል? እዚሁ ሆኜ ምን ልለማመድ? ለቀጣሪ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ሳይት ላይ ጫጫታውን በጆሮ ማዳመጫ መከላከል ይፈቀዳል? «አይዞህ» ብቻ የሚል መልስ ባይመጣ ደስ ይለኛል። ዝርዝር ነው የምፈልገው።

ሐዲድ_1435 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፣ እሱ የነፍስ ጉዳይ ነው። ሙዚቃ የሚያጫውት ወይም የውጭን ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፋ ማዳመጫ ሐዲድ አካባቢ ክልክል ነው። ጡሩንባውንም፣ ባቡር ሲመጣ የሚያስጠነቅቀው ጠባቂ የሚጠራውንም አትሰማም። የሚፈቀደው ተራው የስፖንጅ ወይም የጎማ የጆሮ መድፈኛ ነው። እሱ ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ጠጠር የሚጠቀጥቀው ማሽን ሲሠራ ድምፁ ለ8 ሰዓት ሥራ ከሚታገሡት 85 ዴሲቤል ያልፋል፤ ስለዚህ መድፈኛው ለማንኛውም ሠራተኛ የሚገባ ዕቃ ነው፣ አንተ ስትጠይቅ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። አንድ ነገር ግን ጨምርበት፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከጠባቂው ጋር «ጡሩንባውን ካልሰማሁ ትከሻዬን ንካኝ» ብለህ ተስማማ። ጠባቂው ከሌሎች ጋር የሚያወራ ከሆነ ሐዲዱ ላይ አትግባ።

በተረፈ «ባቡር ላይ መሥራት» የሚባል አንድ ሥራ የለም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው መስመር 750 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር፣ ኤሌክትሪኩ 25 ኪሎ ቮልት ተለዋዋጭ። ከሰበታ አዳማ ድርብ ሐዲድ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ደግሞ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ከተማ ውስጥ የሚሄድ ነው። ሁለቱ ሥራ ቦታዎች በጠባይ አይገናኙም። አንደኛው ሙቀት፣ በረሃ፣ ረጅም ርቀትና ከብት የሚሻገርበት ሜዳ ነው። ሌላኛው ሕዝብ፣ ግርግር፣ መኪና የሚሻገርበት መንገድ።

ለአንተ ዓይነቱ ጥያቄው «ምን እወዳለሁ» ብቻ አይደለም፤ «ቀኑን ሙሉ ምን እየሰማሁ፣ ከማን ጋር፣ በምን ያህል ድንገተኛ ለውጥ ውስጥ እውላለሁ» የሚለውም አለበት። የሐዲድ ጥገና የቡድን ሥራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ባቡር በማይሄድበት ሰዓት ነው የሚሠራው። ተረኛ መሐንዲስ ሆነህ ፈረቃህ በየሳምንቱ ቢቀያየር እንቅልፍህ ይበጠበጣል፤ ኤዲኤችዲ ላለበት ከጫጫታው የከፋው ይሄ ነው። የባቡሮች ጥገና ጋራዥ ጫጫታ አለው፣ ግን ቦታው አንድ ነው፣ ቼክሊስቱም የታተመ ነው። የባቡር ቁጥጥር ክፍል ግን ሬዲዮ፣ ስልክና ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ነው፤ የሚሰማውን ቶሎ ለመለየት የሚቸገር ሰው እዚያ አይጀምር።

ሲግናል_ቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ሐዲድ_1435 ያለውን እደግፋለሁ፤ ግን ሲግናሊንግን (ባቡር መቼ እንደሚቆምና እንደሚያልፍ የሚወስነውን የመብራትና የቁልፍ ሥርዓት) ሳይጠቅሰው አለፈ። ወንድሜ፣ በዝርዝር ላይ ተጣብቆ የመቆየት ጠባይ ካለህ ቤትህ እዚህ ነው። ሲቪል መሆንህ በሩን አይዘጋውም፤ መሠረቱ ሎጂክ ነው።

ትራክ ሰርኪዩት የሚባለውን ተረዳ። የሐዲዱ ቁራጭ በአንድ ጫፍ ኤሌክትሪክ ይመገባል፣ በሌላው ጫፍ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚነሳና የሚወድቅ ማብሪያ ማጥፊያ) አለ። ባቡር ከሌለ ኃይሉ ሪሌው ጋ ደርሶ ያነሳዋል። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማና አክሰሉ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛቸዋል፣ ኃይሉ በአቋራጭ ይመለሳል፣ ሪሌው ይወድቃል፣ ሲግናሉ ቀይ ይሆናል። አሁን ጠይቅ፦ ሽቦው ቢበጠስስ? ሪሌው ይወድቃል፣ ቀይ። መብራት ቢጠፋስ? ቀይ። ሐዲዱ ቢሰበርስ? አብዛኛውን ጊዜ ቀይ። ማንኛውም ብልሽት ወደ ማቆም እንዲያደላ ነው የተሠራው። በቃለ መጠይቅ ሲግናሊንግ ከተነሳ የሚፈልጉት ይቺን አስተሳሰብ ነው።

መለማመጃ ልስጥህ፣ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። በነጠላ መስመር ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ሣል፦ አንድ ዋና ሐዲድ (ሀ)፣ አንድ የመተላለፊያ ሐዲድ (ለ)፣ በምዕራብ አንድ ስዊች (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞር መገጣጠሚያ)፣ በምሥራቅ አንድ ስዊች። ባቡር ከሁለቱም ጎን ወደ ሁለቱም ሐዲድ መግባት፣ ከሁለቱም ሐዲድ ወደ ሁለቱም ጎን መውጣት ይችላል። ስንት መንገድ እንዳለ ቁጠር። ከዚያ ለእያንዳንዱ መንገድ ሦስት ነገር ጻፍ፦ የትኛው ስዊች በየትኛው አቅጣጫ መቆለፍ አለበት፣ የትኛው የሐዲድ ቁራጭ ባዶ መሆን አለበት፣ የትኛው ሌላ መንገድ አብሮ መከፈት የለበትም። ይህ ሠንጠረዥ የሲግናል መሐንዲስ የዕለት እንጀራ ነው። ሠርተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አርምልሃለሁ።

ጉድለቱንም ልንገርህ። ሙከራ ላይ ስትሆን ጸጥታ ነው፣ ብልሽት ሲመጣ ግን ስልኩ አያባራም። ባቡር ቆሟል፣ አለቃ «ስንት ደቂቃ?» ይልሃል። ያኔ የሚያድነው ቀድሞ የተጻፈ የፍተሻ ቅደም ተከተል ነው፤ በጭንቅላትህ አትታመን።

ቀያሽ_ከፖሊ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ባህር ዳር ሐዲድ የለም፣ ቅየሳ ግን አለ። የሐዲድ ሥራ ግማሹ ሚሊ ሜትር መለካት ነው። ከፖሊ ግቢም (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ) ሆነ ከሌላ ቦታ ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ) መሣሪያ ማግኘት ከቻልክ በጣና ዳር የእግር መንገድ ላይ 2 ኪሎ ሜትር የሚዞር ልኬት ሥራ። ከተነሳህበት ነጥብ ስለምትመለስ የታወቀ ከፍታ አያስፈልግህም፤ ድምሩ ዜሮ መሆን አለበት። የሚፈቀደው ስህተት 12 ሚሊ ሜትር ሲባዛ የኪሎ ሜትሩ ስኩዌር ሩት ነው፣ ለ2 ኪሎ ሜትር 17 ሚሊ ሜትር ግድም። ካለፈ ድገመው።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ የኋላና የፊት ንባብ ርቀት ሳይመጣጠን ሲቀር የመሣሪያው ዝንባሌ ስህተት ይጠራቀማል። እኩል ካደረግኸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለተኛ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ አስፋልቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፣ ቁጥሩ ይደንሳል። ማልደህ ውጣ። ማለዳው ለአንተ ሌላም ጥቅም አለው፦ ባጃጁ አልበዛም፣ «ምን እየለካችሁ ነው?» እያለ የሚከብህም ሰው ትንሽ ነው።

ከዚያ ሁለት ስሌት እጅህ ላይ ይግባ፣ ለጽሑፍ ፈተና ይጠቅማሉ። ኩርባ ላይ የውጭው ሐዲድ ከፍ የሚልበት ልክ በሚሊ ሜትር፦ 11.8 ሲባዛ የፍጥነት ስኩዌር፣ ሲካፈል ለራዲየስ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ ራዲየስ 800 ሜትር ቢሆን 94.4 ይመጣል። ይህ ግን ለአንድ ፍጥነት ብቻ የሚመጣጠን ልክ ነው። የጭነት ባቡር ቀስ ብሎ፣ የመንገደኛው ፈጥኖ በሚሄድበት መስመር ሙሉውን ብትሰጠው ከባዱ ባቡር የውስጡን ሐዲድ ይበላዋል። «ታዲያ ስንት ታደርገዋለህ?» ብለው ከጠየቁህ መልሱ ያለው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝን ሐዲድ ተበይዶ ያለ ክፍተት ከተዘረጋ፣ ከታሰረበት ሙቀት በ30 ዲግሪ ሲበልጥ በእያንዳንዱ ሐዲድ ውስጥ 576 ኪሎ ኒውተን ግድም ይጨመቃል። 59 ቶን ያህል ክብደት ማለት ነው። ያን ሁሉ የሚይዘው ከሐዲዱ ሥር የተጋደመው ስሊፐርና ጠጠሩ ነው። ለዚህ ነው በጠራራ ፀሐይ ጠጠር መንካት የማይፈቀደው፤ ጎኑ ከተነጠቀ ሐዲዱ እንደ እባብ ይጣመማል። የሐዲድ ሙቀት የሚለካው ራሱ ሐዲዱ ላይ፣ ጥላ በሆነው ጎኑ ነው፤ ከአየሩ ሙቀት ጋር አታምታታው።

እታለም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልምጣ። እኔ የምለው፦ ማመልከቻ ላይ አትጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ አትናገር። ከተቀጠርክ በኋላ ተናገር። ምክንያቱም ሲቪ የሚያገላብጠው ሰው ኦቲዝም ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው የማይናገር ሕፃን ነው። እዚህ አገር የምናውቃቸው ማዕከላት የሕፃናት ናቸውና አይፈረድበትም።

የሕጉን ክፍል ያዝ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፣ አሠሪ የሥራና የሥልጠና ሁኔታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት 6 ቀን ከተሠራ 10 ሳምንት ነው። በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላሉ። ስለዚህ ያቺን 10 ሳምንት እለፍ፣ ከዚያ ንገራቸው።

ሐዲድ_1435 | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

እታለም፣ በሙከራ ጊዜው ላይ አልስማማም። የሚሰናበተው እኮ በእነዚያ 10 ሳምንታት በቃል የተሰጠውን ትዕዛዝ እየረሳ «ቸልተኛ» ተብሎ ነው። እርዳታው ከመጀመሪያው ቀን ነው የሚያስፈልገው። የምርመራውን ስም መናገር የግድ አይደለም። የሚያስፈልግህን ነገር ብቻ፣ እንደ ሥራ ልማድ አድርገህ ጠይቅ። ለምሳሌ ለቅርብ አለቃህ በቴሌግራም እንዲህ ብለህ ላክ፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። የዛሬው ሥራ እንዲህ ነው የገባኝ፦ ከኪ.ሜ 117+350 እስከ 117+900 የሐዲድ ስፋት በየ5 ሜትሩ መለካት፣ ውጤቱን እስከ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት በኤክሴል መላክ። የተሳሳትኩት ካለ ቢያርሙኝ።»

(117+350 ማለት 117 ኪሎ ሜትር ከ350 ሜትር ነው።) ይቺ መልእክት ሦስት ነገር ትሠራለች። የቃል ትዕዛዝ ጽሑፍ ይሆናል፣ ስህተቱ ሐዲድ ላይ ሳይወጣ ይታረማል፣ ነገ «እንዲህ አላልኩም» ቢባል ማስረጃ ይኖርሃል። አለቃው ደግሞ የሚያየው ጠንቃቃ ሠራተኛ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን መደበቅ አይገባም፦ የሕክምና ምርመራ። ሐኪሙ የምትወስደውን መድኃኒት ከጠየቀህ እውነቱን ንገረው፣ ማዘዣውን አሳየው። ባቡር ለሚያንቀሳቅስ ወይም ሐዲድ ላይ ለሚሰማራ ሰው ይህ የሌሎችም ሕይወት ጉዳይ ነው።

እታለም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

መልእክቷን ወድጃታለሁ፣ እሺ። ግን ከሐኪም ወረቀት በእጅህ ይኑር፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደህ ስታስጽፍ የበሽታ ስም ብቻ የያዘ አይሁን። «በጽሑፍ መመሪያ ሲሰጠው ሥራውን በአግባቡ ያከናውናል፤ የፈረቃ ለውጥ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቢነገረው ይመከራል» የሚል ይሁን። ስም ብቻ ያለበት ወረቀት አለቃን ያስደነግጣል፣ ምን እንደሚያደርግበትም አያውቅም። አስጽፈህ ፋይል ውስጥ አስቀምጠው። አውጣ አልተባልክም።

ኮሪደር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

እስካሁን ያልተነሳ፦ ሰዓት! የባቡር መርሐ ግብር በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ ሠራተኛው የሚያወራው በእኛ ሰዓት ነው። ወረቀቱ 22፡00–02፡00 ይላል፣ ፎርማኑ «ከ4 እስከ 8 መስመሩ የኛ ነው» ይልሃል። ልክ ነው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ማለቱ ነው። ነገር ግን «4 ሰዓት» የሚለውን ወረቀት ላይ 04፡00 ብሎ የገለበጠ ሰው ባቡር በሚሄድበት ሰዓት ሐዲድ ላይ ሰው ያሰማራል። ደብተርህ ላይ ሁለት ዓምድ አስምር፣ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፍ። ቀኑም እንደዚሁ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሥራ በወረቀቱ የነገ ቀን ነው፣ በእኛ አነጋገር ግን «ዛሬ ማታ» ነው።

ቁጥር የሚገላበጥበት ሰው (ዲስሌክሲያም ይሁን ዲስካልኩሊያ) 117+350ን 171+350 ብሎ ቢጽፍ 54 ኪሎ ሜትር ተሳስቷል። «መቶ አሥራ ሰባት» አትበል፤ «አንድ፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሲደመር፣ ሦስት፣ አምስት፣ ዜሮ» በል፣ የተቀበለህም መልሶ ያንብብልህ። መልሶ ማንበብ የሬዲዮ ደንብ እንጂ የደካማ ሰው ምልክት አይደለም።

አነጋገራችንም ለቃል በቃል ሰሚ አስቸጋሪ ነው። «እናያለን» ሲባል ብዙ ጊዜ አይሆንም ማለት ነው። «ቶሎ ድረስ» ሰዓት የለውም። «ትንሽ ጠብቅ» ከ5 ደቂቃ እስከ ግማሽ ቀን ነው። ፈገግ ብለህ «በስንት ሰዓት ልምጣ?» በል። ማንም አይቀየምህም። ደግሞ ብዙ የፈረቃ ለውጥ የሚነገረው በቡና ሰዓት ነው፤ ጫጫታው ስለሚከብድህ ከቡናው ብትቀር ወሬው ያመልጥሃል። መጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃ ተቀመጥ፣ አንድ ስኒ ጠጣ፣ ተሰናብተህ ውጣ። ሦስተኛውን ቆጥረህ መጨረስ አይጠበቅብህም።

ሲግናል_ቤት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ኮሪደር ያለው የሰዓቱ ነገር በወርቅ ቀለም ይጻፍ። ቃለ መጠይቅ ላይ ዓይን ለዓይን አለማየት ግን አያስጨንቅህ፤ እኛ ዘንድ ታናሽ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ ቢያደርግ ጨዋ ነው የሚባለው። የሚያሰናክለው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» የሚለው ነው፣ ዳር ድንበር የለውም። በአራት ዓረፍተ ነገር ወስነው፦ የተማርከው፣ ኢንተርንሺፕ ላይ የሠራኸው፣ የምትችለው ሶፍትዌርና መሣሪያ፣ የምትፈልገው ዘርፍ። ከዚያ ዝም በል።

ጣና_ዳር_07 | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሌሊት ሥራ ላይ ንቁ ለመሆን ጫት የሚቅሙ እንዳሉ እሰማለሁ። ባህር ዳር እንደሆነ ጫት በየደጁ ነው፤ ለትኩረት ይረዳል የሚሉም አሉ። ሁለተኛ፣ ሠንጠረዡን ሠርቻለሁ። 8 መንገድ አገኘሁ። የመንገድ 2ን ላሳይ፦ ከምዕራብ ወደ ሐዲድ ለ መግባት። የምዕራብ ስዊች ወደ ለ የተቆለፈ። ባዶ መሆን ያለበት፦ የስዊቹ ቁራጭና ሐዲድ ለ። አብረው የማይከፈቱ፦ ከምዕራብ ወደ ሀ መግባት፣ ከሀ ወደ ምዕራብ መውጣት፣ ከለ ወደ ምዕራብ መውጣት፣ ከለ ወደ ምሥራቅ መውጣት።

ሐዲድ_1435 | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡00

ጫቱን ተወው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ያነቃል፣ ሲበርድ ደግሞ ድብርትና ድካም ይጥልብሃል፣ እሱም ልክ መስመሩን ለባቡር በምትመልስበት ሰዓት ይደርሳል። ሰው፣ መሣሪያና ጃክ ሐዲድ ላይ አለመቅረቱ የሚቆጠረው በዚያች ሰዓት ነው። በላይህ 25 ኪሎ ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለ፣ ኃይሉ ጠፍቶ፣ ተፈትሾ፣ በሁለቱም ጎን ከመሬት ጋር ካልተገናኘ በስተቀር ከ2 ሜትር አትቀርበውም። የብረት ሜትርህንም ሽቅብ አትዘርጋ። መድኃኒት ላይ ካለህ ከጫት ጋር መደራረቡ ለልብ አደጋ ነው፣ ሐኪምህን ጠይቅ።

ለልብሱም ከወዲሁ ዘይድ፦ አንጸባራቂው ሰደርያ ቆዳህን የሚቆጠቁጥህ ከሆነ ከሥር የጥጥ ካናቴራ ልበስ፣ የአንገቱን ምልክት ቆርጠህ ጣል። ጫማውን ሳይት ከመሄድህ ሁለት ሳምንት ቀድመህ ቤት ውስጥ ተለማመደው።

ሲግናል_ቤት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

8 ልክ ነው። ሠንጠረዥህ ላይ ግን አንድ ትርፍ፣ አንድ ጉድለት አለ።

ትርፉ የመጨረሻው ነው። ከለ ወደ ምሥራቅ መውጣት ከመንገድ 2 ጋር አይጋጭም፤ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ባቡሩ ሳይቆም አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። እርግጥ መውጫው የሚከፈተው የምሥራቁ ጎረቤት ጣቢያ ከተቀበለ ነው።

ጉድለቱ አደገኛው ነው፦ ከምሥራቅ ወደ ለ መግባት። ስዊች አይጋሩም፤ አንተ በምዕራብ፣ እሱ በምሥራቅ። ሐዲዱ ግን አንድ ነው። ሁለቱም መንገዶች ሲጠየቁ ለ ባዶ ስለሆነ ትራክ ሰርኪዩቱ አይከለክላቸውም። ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ታስገባለህ።

ከለ ወደ ምዕራብ መውጣትን በማስገባትህ ግን ጎበዝ። የስዊቹ አቅጣጫ አንድ ዓይነት ስለሆነ ስዊቹ ብቻውን አያጣላቸውም፣ በግልጽ ካልተጻፈ ያመልጣል። አሁን የቀሩትን ሰባቱን በዚሁ ዓይን ከልስና ለጥፍ። ቀጥሎ ባቡሩ መውጫ ሲግናሉን ትንሽ ቢያልፈውስ የሚለውን እንጨምራለን፤ ያኔ የምሥራቁ ስዊችም መንገድ 2 ውስጥ ይገባል።